ምንም የማይጥለው ሰው

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ይኑር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የተሰበረ ኪቦርድ ሊጣል ወደ በሩ ሲወሰድ ያስቆምና «ይኑር፣ ምን ይከፋል» ይላል። ኪቦርዱ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ቤቱም እንደዚያው ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ድምፅ እንጂ ምስል የሌለው ቴሌቪዥን አለ። በረንዳው ላይ ምስል እንጂ ድምፅ የሌለው ሌላ አለ። አንድ ቀን ከሁለቱ አንድ ሙሉ ቴሌቪዥን እንደሚያወጣ ለሚስቱ ቃል ሲገባ ገና ሙሽሮች ነበሩ። አሁን ልጃቸው ጢም እያወጣ ነው። ሚስቱ ስለ ትዳሯ ስትጠየቅ፣ «እኔንም ያልፈታኝ መጣል ስለማይሆንለት ነው» ትላለች።

ሥራው የቲኬት መሸጫውን ፕሮግራም ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ መጫንና ማስነሣት ነው። ፕሮግራሙ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም፤ ሌሎች ሠርተው ያስቀመጧቸውን፣ ላይብረሪ የሚባሉ ፋይሎች ይጠቀማል። አንዱ ቲኬት ያትማል፣ አንዱ ቀን ይቆጥራል፣ አንዱ የተሸጠ ወንበር ዳግም እንዳይሸጥ ይቆልፋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ እነዚህን ፋይሎች የት እንደሚያገኝ ይነገረዋል። ያ አድራሻ ክላስ ፓዝ ይባላል። በተነገረው ቦታ የአንድ ላይብረሪ አሮጌና አዲስ ቅጂ አብረው ቢገኙ ፕሮግራሙ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል። ስለ ሁለተኛው አይጠይቅም።

ደህና ሰው አዲሱን ሲያስገባ አሮጌውን ያወጣል። ይኑር አያወጣም። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያስቀምጥና በፊደል ተራ እንዲቀድም ከስሙ ፊት አንዲት የእንግሊዝኛ «ኤ» ይጨምርበታል። ሌላ አዲስ ሲመጣ ሁለት «ኤ» ይሰጠዋል። ቀጥሎ ሦስት። ዓመታት ሲያልፉ፣ ወንበር የሚቆልፈው ላይብረሪ የቅርቡ ቅጂ ስም ሲነበብ ጣቱን በር የዘጋበት ሰው ጩኸት ይመስል ነበር። ክላስ ፓዙም ላይ ፋይሎቹን በስም በስማቸው አልጻፈም። የፎልደሩን ስም ጻፈና ከኋላው አንድ የኮከብ ምልክት አስቀመጠ። ትርጉሙ «እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ» ማለት ነው። በሕይወቱ እንደዚህ ምልክት የተስማማው ነገር የለም።

ፕሮግራሙም ሠራ። ስለሠራ፣ ያሠሩት «ኤ»ዎቹ ናቸው ብሎ አመነ። ሲነጋ እያየ ያነጋሁት እኔ ነኝ የሚል ዶሮም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ወንበር ነበር። ወንበር ሲባል ሥልጣኑ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩንም ነው። ጀርባው ረጅም፣ ቆዳ የለበሰ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ። እሱ የሚቀመጥበት ፕላስቲክ ወንበር አንድ እግሩ ስለሚያጥር የታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ይቆማል። ካርቶኑ የስንት ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። የወንበሩን ነገር የባሰ ያከበዱበት አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ በእጃቸው ስለተቀበሉ ማንንም አያፍሩም። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር፣ «እህ ልጄ፣ አሁንም እንደዚያው ነህ?» ይሉታል። መልስ አይጠብቁም። አንድ ጊዜ በረንዳውን ጎብኝተው ሲመለሱ፣ ልጄን የዳርኩት ለሰው ነው ወይስ ለመጋዘን ብለው ሚስቱን ጠይቀዋታል፣ እሱ እየሰማ።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶት የክፍሉ ኃላፊ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር መሆኑን ሲነግረው ጆሮው ቆመ። አሮጌው ሰርቨር እየደከመ ነው፣ አዲስ ተገዝቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሰው መንገድ ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራሙን ያለ ችግር ካዛወርክ ወንበሩ ያንተ ነው አለው። ካልሆነስ የሚለውን አልጨረሰም። ይኑር ራሱ ጨረሰው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ፕሮግራመር ተቀጥራ ነበር። ፎልደሩን ከፍታ አየችው። ዝርዝሩን ወደ ታች ስትወርድ፣ ስትወርድ ቆየች። ከዚያ አንዱ ላይብረሪ ብቻ በስንት ቅጂ እንደተቀመጠ እያሳየች፣ ከማዛወራችን በፊት የሚያስፈልጉትን ብቻ እናስቀር፣ ክላስ ፓዙም ላይ በስማቸው እንጻፋቸው አለችው።

«ይኑሩ፣ ምን ይከፋል» አላት። «አዲሱ ይቀድማል። ኤ አለው።»

«ጋሼ፣ ማሽኑ በፊደል ተራ ያነብባል ያለዎት ማን ነው?»

«ልምድ ነዋ።»

ኮከቧ ያለውን ሁሉ አምጣ ትላለች እንጂ የትኛው ይቅደም እንደማትል አስረዳችው። ተራው የማሽኑ ፈንታ ነው፤ አሮጌው ማሽን ያደረገውን አዲሱ ላያደርግ ይችላል። ይኑር በትዕግሥት አዳመጣት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች አለ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ የሚሠራ ነገር አይነካም። በዚሁ ጉዳዩ ተዘጋ።

የዝውውሩ ቀን ፎልደሩን እንዳለ፣ ከነ«ኤ»ው፣ ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጠው። ፕሮግራሙ ተነሣ። አንድ የመሸጫ መስኮት አስከፍቶ አንድ ቲኬት አስቆረጠ። ታተመ። ሙከራው ይኼው ነበር። ያቺን ቲኬት ደግሞ አልጣላትም። አማቱ ታናሽ እህታቸውን ሊጠይቁ መንገድ ስላሰቡ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለችውን የመስኮት ወንበር መርጦ በስማቸው ያስቆረጣት ናት። ማታውኑ ወስዶ ሰጣቸውና፣ አዲሱ ሰርቨር በእጅዎ ይመረቅ ብዬ ነው አለ። አማቱ ቲኬቷን ገልብጠው አዩ። ወንበሩስ ተሰጠህ ብለው ጠየቁ። ነገ አለ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቶቹ በሙሉ ተከፈቱ። ሰልፉ ከበሩ ውጭ ደረሰ። ይኑር ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ሽያጩ ሲሄድ እያየ ነበር፤ ሳይሰናከል፣ እያማረ። አልፎ አልፎም በተከፈተው በር ወደ ቆዳው ወንበር ያይ ነበር። ስልኩ ጮኸ። አማቱ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል።»

«ቲኬትዎን አሳይተው ያስነሡት እማማ።»

«አሳየሁት። እሱም አሳየኝ። አንድ ነው ቲኬቱ። እሱም አንተን የመሰለ አማች አለው እንዴ?»

ይኑር ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የጥርስ ሐኪም ነኝ ነው የሚለው። ደህና ወፍራም ነው። ጭኑ ላይ ልቀመጥ ወይስ ምን ይከፋል ልትለኝ ነው?»

ስልኩ ሳይዘጋ የቲኬት ቆራጮቹ አለቃ እየሮጠ ገባ። ይዞት የመጣው የአንድ ወንበር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቆሙት አውቶቡሶች ሁሉ ወንበሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ተሸጠዋል። ከአንዱ አውቶቡስ ሁለት ነጋዴዎች ተያይዘው ወርደዋል። በሌላው አንዲት መነኩሲት ወንበራቸውን ለአንድ ወታደር ለቀቁ፣ ወታደሩም አፍሮ ለእሳቸው ለቀቀ፣ እነሱ ሲለቃቀቁ ሦስተኛ ሰው ተቀመጠበት። ሹፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ወርደው ይስቃሉ። ሽያጩ ቆመ።

ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል መጥቶ ቆመ። ፕሮግራመሯ ተቀምጣ ፕሮግራሙ የትኛውን ፋይል እንደወሰደ እንዲናገር አደረገችው። ወንበር የሚቆልፈውን ላይብረሪ የወሰደው ከሁሉም አሮጌውን፣ አንድም «ኤ» የሌለውን ነበር። ያ ቅጂ ድርጅቱ አንድ መሸጫ መስኮት ብቻ በነበረው ዘመን የገባ ነው። አንዱ መስኮት የሸጠውን ወንበር ለሌላው አይቆልፍም። ትናንት በአንድ መስኮት ሲሞከር ደህና የነበረውም ለዚህ ነው።

«ይህ የማይሆን ነገር ነው» አለ ይኑር። ፎልደሩን ከፈተና በጣቱ አሳየ። «ይኸው፣ ኤው የበዛው ከላይ ነው ያለው። አንደኛ።»

«ይሄ ለእርስዎ ዓይን የተደረደረ ነው። ማሽኑ በዚህ አያይም።»

«አሮጌው ማሽንስ?»

«ዕድል ነው።»

«እና ይሄ ሁሉ ኤ?»

«ጌጥ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ያኔ ነው አፉን የከፈተው። አሮጌዎቹን አጥፋ፣ አሁን፣ እኔ እያየሁ አለው። ይኑር ፋይሎቹን መረጠ። ጣቱን ማጥፊያው ላይ አደረገ። ውጭ የተሳፋሪው ጫጫታ ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል የአማቱን ድምፅ ለይቶ ሰማ ወይም የሰማ መሰለው። አስከሬን ለይ የተባለ ሰው እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። በመጨረሻ ፎልደሩ ውስጥ ሌላ ፎልደር ፈጠረ፣ «አሮጌ» ብሎ ሰየመው፣ ሁሉንም ወደዚያ አዛወራቸው። ፕሮግራመሯን ቀና ብሎ አያት፣ ቅጣት እንደሚጠብቅ ልጅ።

ተነፈሰች። ኮከቧ ከፎልደር ውስጥ ፎልደር አትገባም፣ ይሁን አለች። ፕሮግራሙ እንደገና ተነሣ። ወንበር አንድ ጊዜ ብቻ መሸጥ ጀመረ። የተደራረቡት ተሳፋሪዎች ተጨማሪ አውቶቡስ ተፈልጎላቸው ከሰዓት በኋላ ሄዱ። አማቱ ግን ሌላ መኪና አልጠብቅም ብለው ከረዳቱ ጎን ባለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሄዱት። የጥርስ ሐኪሙ መንገዱን ሙሉ ስለ አማቻቸው ሰምቷል።

ሥራ አስኪያጁ ለድርጅቱ ቦርድ ያቀረበው ሪፖርት ሌላ ነበር። አዲሱ ሰርቨር መጠነኛ የባሕርይ ችግር አሳይቶ በባለሙያው ፈጣን ርምጃ ተፈትቷል የሚል። ባለሙያው ይኑር ነው። የፕሮግራመሯ ነገር አልተነሣም። ቦርዱ አጨበጨበ፤ ሥራ አስኪያጁም ካጨበጨበ ቦርድ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው አይደለም። ይኑር የክፍሉ ኃላፊ ተባለ።

በማግስቱ ክራቫት አሥሮ መጣ። ቆዳው ወንበር ላይ የድሮው ኃላፊ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብባል። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ መዛወሩ ቀርቷል። ይኑር ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጠ።

«ልምድ ያለው ሰው ነው» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ይኑር፣ ምን ይከፋል?»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሁለት ኃላፊ፣ አንድ ወንበር አለው። ጠዋት ቀድሞ የመጣ ይቀመጥበታል። ዘግይቶ የመጣው ካርቶን የተደገፈችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኖ ያኮርፋል። ፖስተኛዋ የሚፈረም ወረቀት ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ላየችው ትሰጣለች፤ ስለ ሌላው አትጠይቅም። ስለዚህ አንድ ፈቃድ ሰኞ ይፈቀድና ማክሰኞ ይከለከላል። ሠራተኛው ለመደው፤ ፈቃድ ፈላጊው መጀመሪያ በበሩ ቀዳዳ አይቶ ነው የሚገባው።

አንድ ጠዋት ይኑር ተቀድሞ ካርቶኑን ሲያስተካክል ፕሮግራመሯ አለፈች።

«ቆይ አንቺ፣ ይሄ ሥራ አስኪያጅ አንዳችንን ቢያነሣ ምን ነበረበት?» አላት።

«እሱንማ እርስዎ ይንገሩን እንጂ ጋሼ።»

አማቱ ከእህታቸው ዘንድ ሲመለሱ ወንበሩ ተሰጠህ ወይ ብለው ጠየቁ። ሚስቱ ቀደመችው፤ ተሰጥቶታል፣ ቀድሞ ከደረሰ አለች። እሱ በዚያው ሳምንት አዲስ የማንቂያ ሰዓት ገዛ። አሮጌውንም አላነሣውም። ሁለቱ በተለያየ ሰዓት ይጮኻሉ፤ የትኛው ልክ እንደሆነ እስኪያጣራ የድሮው ኃላፊ ተቀምጧል።