በኮምቦልቻ ፀሐይ የተለካ ጫማ

ያን የሩጫ ጫማ ያዘዝኩት ኢንተርኔት በእጅ ስልክ ደሴ በገባ ሰሞን ነው። ፎቶውን ሳይ ልቤ ጠፋ። በማለዳው ብርድ እግሬን ወረቀት ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመርኩ፤ ቁጥሬን ላክሁ፤ ጫማው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። ልክክ አለ። ከሰፈር ሱቅ የሚገዙትን ሁሉ ኋላ ቀር እያልኩ ስስቅባቸው ከረምኩ።

የዞኑ የሩጫ ማጣሪያ ኮምቦልቻ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ። ግማሽ መንገድ ላይ ጣቶቼ ተቃጠሉ፤ ጥፍሬ ደማ፤ አቋርጬ ዳር ተቀመጥኩ። ደሴ ስመለስ ጫማው እንደ ድሮው ልክ ሆነ። አብረውኝ የሚሮጡት «ለመጨረስ ልብ የላትም» አሉ። እኔም አመንኩ። ዓመት ሙሉ አምኜ ኖርኩ።

ማጣሪያው እንደገና ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዬ አያስገባኝም፤ የመጨረሻዬ ነበር። የጫማዬ ሶል ተበልቷል፤ ሌላ ላዝ ብል ለውድድሩ አይደርስም አሉኝ። እየተነጫነጭኩ እዚያው ደሴ ፒያሳ ካለች አንዲት የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥሬን ብነግራቸው ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«የት ነው የምትሮጭው?»

«ምን አገባዎት» ልል ምንም አልቀረኝ። «ኮምቦልቻ፣ አባባ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ወደ ስድስት ሰዓት ግድም።»

«ኧረ ልጄ! በደሴ ብርድ የተለካ እግር እዚያ ምን ይሠራል? ሲሞቀው ያብጣል እኮ። ወላሂ፣ እዚህ ለክቼ አልሸጥልሽም።»

የአንድ ጫማ ዋጋ ተቀብለው ሁለት ጥንድ በፌስታል ሰጡኝ፤ አንዱ ከቁጥሬ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ከፍ ያለ። «ይዘሽ ውረጅ፤ በቀትር ሮጠሽበት የማይሆነውን መልሽ። አብሽሪ!» አሉኝ። ጫማ ለመለካት ኮምቦልቻ ድረስ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስቀድሜ አሮጌውን አጠለቅሁ። ጥቂት እንደሮጥኩ ያው የዓምናው ሕመም መጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው። ዓመት ሙሉ የሰደብኩት ልቤ ምንም አላጠፋም ነበር። ከዚያ አዲሶቹን ተራ በተራ ሞከርኩ፤ በሁለት ቁጥር ከፍ ያለው ተስማማኝ፤ ሌላውን በዚያው ቀን መለስኩ።

ከውድድሩ ማግስት ሱቃቸው ሄድኩ። ስንተኛ ወጣሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እግርሽስ?» አሉኝ።

«አንድም ጥፍር አልጠቆረም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ካርቶናቸው ዞሩ።

አላስቻለኝም። «አለፍኩ እኮ፣ አባባ!»

«እሱንማ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ስትገቢ አረማመድሽ ነገረኝ።»