ሁለተኛው ጥያቄ

አካኮ እያልኩ የምጠራቸው አያቴ ሰውን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ ነበር። የመጀመሪያው «አካም?»፣ እንዴት ነህ፣ ሰላምታ ነው፤ መልሱም፣ ሰውዬው ታሞ እንኳ ቢሆን፣ «ፈያ» ነው፣ ደህና። የሆድ የሚወጣው በሁለተኛው ነው ይሉ ነበር።

ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ጥርስ ሊያስነቅሉ ከእንጭኒ አምቦ መጥተው ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ኦሮምኛ ስለማይችል የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ማደንዘዣ ወጋቸውና ትንሽ ቆይቶ፣ «ደነዘዘላቸው? እስቲ ጠይቂያቸው» አለኝ። ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር።

«አካም፣ አካኮ?» አልኳቸው።

«ፈያ» አሉ።

«ደንዝዟል» አልኩት።

ጉጠቱ ሲገባ እጄን ጨምቀው ያዙት። ውጭ ስንወጣ፣ «አመመኝ አይሉም ነበር?» አልኳቸው።

ጥጡን እንደነከሱ፣ «ሰላም ያልሽኝ መስሎኝ ነው፤ ሁለተኛውን ስጠብቅ ነቀለው» አሉኝ።

ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያም አልተማርኩም። ባለፈው ክረምት ሲደውሉልኝ «አካም?» አልኳቸው፤ «ፈያ» አሉ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁት። አልጋ ላይ ሆነው እንደደወሉ የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አካም?» ይለኛል። «ፈያ» እላለሁ፤ ያምነኝና አልፎ ይቀመጣል። ሁለተኛ ጊዜ የሚጠይቀኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።