ለፊርማ የሚወሰደው ፎቶ

ኳስ ተጫዋቹ ቆቦ መጥቶ በከተማው አዳራሽ ፊርማውን ለሕዝብ ሊሰጥ ነው ተብሎ ባጃጅ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ እኔ ገበያው አጠገብ በረንዳዬ ላይ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። «ፎቶ ይዛችሁ ኑ! ፎቷችሁ ላይ ይፈርምላችኋል!» ይላል ለፋፊው። እግሬ የስፌት መኪናው ላይ ቀጥ አለ። እናቴ ይሄን ከሰማች ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ሁሉ አልጋችን ድረስ ይገባል። አለመስማት አትችልም።

ሰምታለች። ስመለስ ትልቁን የፎቶ ፍሬም ከግድግዳው አስወርዳ ጭኗ ላይ አጋድማ ጠበቀችኝ። እንዴት ዋልሽ እንኳ አላለችኝም።

«ክፈቺው» አለች።

«እማ፣ ትንሽ ልረፍ። ወገቤ ተቆርጧል።»

«መጀመሪያ ፎቶ እንምረጥ። ከዚያ ታርፊያለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ሜዳ ላይ አቧራ ሲቅሙ ነው ያደጉት። ወንድሜ ግራኝ ነበር፤ እሱ ከግራ ያሻግራል፣ ያኛው በጭንቅላቱ ያገባል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱም እኛ ቤት ይገቡና እናቴ ያቀረበችላቸውን እንደ አንበጣ ይጨርሱታል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተጫዋች መልማይ መጣ፤ አንዱን ወሰደ፣ አንዱን ተወ። የተተወው ወንድሜ ጥቂት ከረመና በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ከደላላ ጋር ወጣ። ከየመን በጎረቤት ስልክ አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ እሱ ዝም።

ሰፈሩ መጀመሪያ አብሮን ጠበቀ። በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ እየመጡ «አስከሬን ባይኖርም የሙት ሶላት ይሰገድበታል፤ አንቺም ለቅሶሽን ተቀመጪና ይውጣልሽ» ይሏት ጀመር። እናቴ ትቆጣለች። «በሕይወት ላለ ልጅ ለቅሶ? አዑዙ ቢላህ! አታሟርቱብኝ!» ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ለቅሶ ሄዳ እንኳ እንባ አታወጣም፤ ለልጇ ያለቀሰች እንዳይመስልባት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኝ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መሮጥ፤ ሰው ነኝ እኮ። ምነው አንዴ አልቅሰን በተገላገልን እል ነበር። ለሷ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

እናቴ ያሰበችው ይህን ነው። ተጫዋቹ ፎቶውን ሲያይ ወንድሜን ይለየዋል። ከለየው ደግሞ ለጨዋታ አረብ አገር ሲሄድ ይጠይቅላታል። «ያን የመሰለ ትልቅ ሰው የሚያውቀው ልጅ እንዲሁ ደብዛው ጠፍቶ አይቀርም» አለችኝ። «እንዳይስተው አድርገሽ ምረጪ።»

ፍሬሙን ገልብጬ ምስማሮቹን በመቀስ ጫፍ ነቀልኩ። የሰርጉ፣ የመውሊዱ፣ የሞተውም ያለውም አንድ መስተዋት ስር ተፋፍጓል። መጀመሪያ እሷ ያነሳችው ከትምህርት ቤት መታወቂያው የተላቀቀችውን ጉርድ ፎቶ ነው።

«ይቺ ማህተም አላት። ማህተም ያለውን ማን ይክዳል?»

«እማ፣ ማህተሙ እኮ አገጩንና አፉን ውጦታል። ደግሞ እዚህ ላይ ገና ሕፃን ነው፤ በምን ይለየዋል?»

«ማህተም ፊት ላይ ካላረፈ ምኑን ማህተም ሆነ! ቀበሌ ሄደሽ አታውቂም?»

ስንጨቃጨቅ ቆይተን ጉርዷን ፎቶ ወደ ጎን አስቀመጥናት። ሁለተኛው አላማጣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ የተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ የተነሳው ነው። የሰው ጥቁር መነጽር ተውሶ ዓይኑን ሸፍኗል፤ ያኔ ይሄ ትልቅ ሽቅርቅርነት ነበር። እሱን ደግሞ የቆቦ ሙቀት ከመስተዋቱ ጋር አጣብቆታል። ጥጉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው ጫማው መስተዋቱ ላይ ቀረ።

«ተይው! ተይው ልጄን!» ብላ ጮኸች። እጄን እሳት የነካኝ ያህል ሰበሰብኩ።

የቀረው የቡድኑ ፎቶ ነው። ዋጃ ሄደው አሸንፈው፣ እዚያው ሜዳው ላይ ላብና አቧራ እንደሆኑ የተነሱት። ልጆቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ ተጫዋቹ ከኋለኛው ረድፍ መሃል ቆሟል፣ ወንድሜ ከጎኑ ሆኖ ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይስቃል። ካደገ በኋላ ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ ይሄ ብቻ ነው። የተሰበረችው የፊት ጥርሱ ሳትቀር ትታያለች።

«ይሄ ይሁን» አልኩ። «ራሱም አለበት፤ እንዴት ይስተዋል?»

እናቴ ብዙ አየችውና በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። ባጃጅ ልጥራና አብረን እንሂድ ብላት እምቢ አለች። «እሱን ሳይ የኔው ትዝ ይለኝና አለቅሳለሁ። ማልቀስ አልፈልግም።»

በማግስቱ ፎቶውን የጨርቅ ናሙና በማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰልፉ አዳራሹን ዞሮ እስከ ውጭው አጥር ደርሷል። ሰዉ ምን ምን ይዞ እንደመጣ ብታዩ! አንዷ የሰርግ ፎቶዋን ይዛለች። ከፊቴ የቆሙት የጎብዬ ገበሬ ደግሞ ለዚሁ ብለው በማለዳ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱትን የራሳቸውን ጉርድ ፎቶ ጨብጠዋል። አስተናባሪው ወጣት ጨነቀው።

«አባባ፣ የራስዎን አይደለም እኮ! የሱን ፎቶ ነው የሚያስፈርሙት!»

«የሱን ፎቶ ምን ላደርገው? ፎቷችሁን ተብሎ አይደል የተለፈፈው? እኔን ይፈርመኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ብዬ ሳይ ግማሹ ሰው የራሱን ፎቶ ነው የያዘው። እንግዲህ እኛ አገር ፎቶ ላይ መፈረም የምናውቀው በመታወቂያ ነው፤ ይሄ ሰው አንተ ነህ ተብሎ ሲመሰከርልህ።

ተራዬ ደረሰ። የተጫዋቹ ፊት ሞልቷል፣ ሽቶው ከሩቅ ያውዳል። አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ? ማሊያውን በእጄ ያጠብኩለት ልጅ ነው። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና «የእናቴ ነው» አልኩት። «ከጎንህ የቆመውን ልጅ... ግራኙን...»

«እህት፣ ቶሎ ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» አለኝ አስተናባሪው ከጎን።

ተጫዋቹ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። ለገበሬው የሳቀላቸውን ሳቅ ነው የሳቀልኝ። «እናመሰግናለን እናት» አለና ወፍራሙን ጥቁር እስክሪብቶ አነሳ። ከራሱ ደረት ጀምሮ ወደ ጎን ሞነጨረው። የራሱን ፊት አልነካም። የፊርማው ትልቁ ጥምዝ ወንድሜ ፊት ላይ ሄዶ ተጠመዘዘ፤ ዓይኑ፣ ሳቁ፣ የተሰበረችው ጥርሱ፣ ሁሉም ቀለም ስር ገባ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ከኋላዬ ያለችው ሴት የሰርግ ፎቶዋን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ዘረጋች። ተገፍቼ ወጣሁ።

ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ በሱ ይሁን፣ በእናቴ ይሁን፣ በራሴ ይሁን አላውቅም። ነፋስ ነጠቀኝ ልበላት? ወድቆ ባጃጅ ሄደበት ልበላት? ውሸቱን ለመፈብረክ እንኳ አቅም አልነበረኝም። በጨርቄ ጫፍ ጠረግ ባደርገው ቀለሙ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣለች። ገና ከሩቅ «ለየው?» አለችኝ።

ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋትና ጩኸቷን ጠበቅሁ። ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ፊርማውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው በዓይኗ ተከተለችው።

«አልሃምዱሊላህ» አለች።

«እማ...»

«ስንት ልጅ ነው እዚህ የቆመው? ሁለት ረድፍ ሙሉ ልጅ። ከዚህ ሁሉ ልጅ መርጦ እሱ ላይ ፈረመበት። ሳያውቀው ነው?»

«እማ፣ ፊቱ እኮ ጠፋ!» አልኳት። ልቅሶ ሊቀድመኝ ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «ፊቱንማ እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ፊርማው ለናንተ ነው።»

ለናንተ ስትል ሽማግሌዎቹን ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ትንፍሽ አላልኩም ያልኩትን ሁሉ ስትሰማው ኖራለች። ፎቶውን ፍሬሙ ውስጥ በቦታው መልሼ ምስማሮቹን መታሁና ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ወደ ቀኝ አድርጊው፣ ከፍ አድርጊው፣ ከበሩ ለሚገባ ሰው ይታይ እያለች አደከመችኝ።

ስጨርስ «በይ አሁን ዕረፊ» አለችኝ።

ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጋደም አልኩ። እሷ ደጅ ሆና ለጎረቤት ስለ ፊርማው ታወራለች፤ ድምፅዋ እንዲያ ደስ ብሎት ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ እንዳትሰማኝ ትራሱን ነክሼ ወንድሜን አለቀስኩት።