መቶ ሃያ ኢዲየም በግማሽ ቀን

አንድ ተራ ቀን ከኔ የሚወስደውን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ውሃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት፤ ቧንቧው ጋ ወረፋ ካለ፣ ደግሞ ሁልጊዜ አለ፣ ሌላ አንድ ሰዓት። የልጅ ጨርቅ ማጠብ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ምሳ ማብሰል አራት ሰዓት። ልጄን ደራርቱን ማጥባትና ማባበል እንደ እሷ ፈቃድ ነው፤ ሦስት ሰዓትም ይሆናል፣ አምስትም። ስኳር መጣ በተባለ ቀን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ግማሽ ቀን ይበላል፤ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ካለ ደግሞ የቀረውን ግማሽ። ደምሬ ቀንሼ ለእንግሊዝኛ የተረፈኝ አርባ ደቂቃ ነበር። እሱም ደራርቱ ከተኛች።

ይህ እንግዲህ በ1978 ዓ.ም.፣ አምቦ ከተማ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ። በመጀመሪያው እንግሊዝኛ ኤፍ አመጣሁ፣ በሁለተኛው ዲ። በዚህ አካሄዴ በአምስተኛው ኤ እንደማመጣ ለባሌ ለጉደታ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረድቼዋለሁ። ችግሩ፣ ልገባበት የምመኘው የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ሲ ይጠይቃል፤ ዕድሜም ከሃያ አራት ካለፈ ፎርም አይሰጥም። አምስተኛ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ያ ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነበር።

ሁለት ጊዜ የጣለኝ ኢዲየም ነው ብዬ አምን ነበር። ኢዲየም ማለት እንግሊዞች አንድ ነገር ተናግረው ሌላ ነገር የሚያስቡበት አነጋገር ነው። ከፈተናው አሥር ጥያቄ ከዚያ ይመጣል ተብሎ ይወራል። ማን እንዳወራው አልጠየቅኩም፤ የወደቅኩበትን ምክንያት ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

መጽሐፍ የለም። ያለው ደብተር ነው፤ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ከተማ ለከተማ የሚዞር። ጊንጪ የምትኖር ደብሪቱ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ መቶ ሃያ ኢዲየም ከነትርጉሙ የያዘ ደብተር አላት። አንድ ቀን ጠዋት ለጉዳይ አምቦ መጣችና፣ “በአሥር ሰዓት አውቶቡስ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ገልብጪ፤ ዘይት እንዳታስነኪብኝ” ብላኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ ሥራ አዋቂ ነኝ። ገጹን ከመሐል በማስመሪያ ከፈልኩና በስተግራ ኢዲየሞቹን ብቻ፣ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ፣ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። እጅ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ይፈጥናል፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው እያንዳንዱን ከትፎ ወደ ድስት አይሮጥም። ትርጉሞቹን በስተቀኝ ልጀምር ስል ደራርቱ ነቃች። በግራ እጄ አቅፌ እያጠባሁ፣ በቀኝ እጄ ወደ ታች ጻፍኩ። እሷ እስክሪብቶውን ትጎትታለች፣ እኔ እጎትታለሁ። ስጨርስ የመቶ ሃያኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። የደብሪቱን ደብተር እንዳላይ ደብሪቱ ራሷ በር ላይ ቆማ፣ “አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው!” ትላለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ከኔ ቀድሞ ሳይነቃ አይቀርም። እኔ አልነቃሁም። ደብሪቱ አንድ ትርጉም ዘላለች ብዬ አዘንኩላት። መቶ ሃያኛው “ዘ ላስት ስትሮ” ነው። ስትሮ ገለባ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ “አውድማው ተጠርጎ አለቀ” ብዬ ከራሴ ሞላሁት፤ በጣምም አማረልኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አርባ ደቂቃዬን አልቆጠብኩም። ጎረቤቴ እንቁ አብራኝ ትፈተናለችና ከኔ ገለበጠች። ሸነን ከተማ የሚኖረው የጉደታ የአጎት ልጅ ዓብዲሳም እንዲሁ። ለሁለቱም አደራ ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፦ ዘይት እንዳታስነኩብኝ።

መፈተኔ ምስጢር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ መውደቅ ያለ ተመልካች ይሻላል። ደብተር ከምንገለባበጠው ሌላ የሚያውቁት ጉደታና አማቴ አዴ አስካለች ብቻ ነበሩ። አማቴ ታዲያ እሑድ ከጸሎት በኋላ ተነሥተው፣ “ለምራቴ ጸልዩላት፤ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ዘንድሮም ልትፈተን ነው” ብለው ለጉባኤው ሁሉ ነገሩት።

ማክሰኞ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ቲቸር በድሉ ከኋላዬ መጡ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስላልሆኑ ወሬው አልደረሳቸውም።

“እንዴት ነሽ ውባየሁ? አዴ አስካለች ደኅና ናቸው?”

እንዲህ ያለ አጋጣሚ ደግሞ አይገኝም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ሰልፍ ሙሉ ሰሚ፣ “ምስጢር አወጣ” የሚል ኢዲየም ምላሴ ላይ። ቀና ብዬ ፈገግ አልኩና፣ “ቲቸር፣ ማይ መዘር ኢን ሎው ኪክድ ዘ በኬት!” አልኳቸው።

ቲቸር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለእንግሊዝኛዬ ክብር መስሎኝ ነበር።

“መቼ?”

“እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ።”

“ምነው፣ አልሰማንም እኮ!”

“እኔም ማንም ባይሰማ ነበር የምመርጠው።”

“በድንገት ነው?”

“ምን ድንገት አለው ቲቸር፣ ስጠብቀው የነበረ ነው። እንዲያውም እስከዛሬ መቆየቱ ገርሞኛል።”

“እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናሽ” አሉ ቀስ ብለው።

ለፈተናው ነው ብዬ፣ “አሜን! አሁንስ ወደፊት ማየት ነው” አልኩ። ስኳሩን ሳይጠብቁ ሄዱ።

በማግሥቱ ከሰዓት ከቧንቧ ስመለስ ከግቢያችን ለቅሶ ሰማሁ። ጀሪካኑ ከጀርባዬ እንዴት እንደወረደ አላውቅም። ስገባ አማቴ መሐል ግቢ ቆመው፣ ይለቅሙት የነበረው ምስር መሬት ላይ ተበትኖ፣ “ጉደታ! ልጄን! ልጄን!” ይላሉ። ቲቸር በድሉ፣ ነጠላዋን ለለቅሶ ያዘቀዘቀች ቲቸር አመለሸጋ፣ ሌሎች ሁለት አስተማሪዎችም እንደ ግንድ ቆመዋል። ጉደታ ያን ሳምንት ክትባት ሊሰጥ ገጠር ወጥቶ ነበር። እኔም ምንም ሳልጠይቅ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲገቡ በሩን የከፈቱላቸው አማቴ ናቸው። “ምነው? ማን ሞተ?” ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ምን ብለው ይመልሱ? አስተማሪ ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ መልስ ካጣ፣ ለእናት የሚቀረው ግምት አንድ ነው።

“ኧረ በእግዚአብሔር!” ብለው ጮኹ ቲቸር በድሉ በመጨረሻ። “ጉደታ ምንም አልሆነም! እርስዎ ነዎት እኮ የሞቱት!”

ለቅሶው ቀጥ አለ።

“እኔ?” አሉ አማቴ። “ማን ነው ያለው?”

አራቱም አስተማሪዎች ወደኔ ዞሩ።

ምስር ላይ ተቀምጬ የሰልፉን ነገር ተናገርኩ። ቲቸር ደብተሩን አስመጡና በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። ሠላሳ አንድ ላይ ቆሙ። “ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ” የሚለው ፊት “መሞት” ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ትርጉም “በጣም ቀላል ነገር” ነበርና እሱን ዘልዬው፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንዳንድ መስመር ወደ ላይ ወጥቷል። በዚህ ዓይነት ምስጢር ማውጣት የመሰለኝ “ኪክ ዘ በኬት” መሞት ሆነ፤ በደስታ መስከር ብዬ ያጠናሁት ደግሞ መታመም። እስከ መቶ ሃያ ድረስ ዘጠናውም እንዲሁ ነው። ቲቸር መቶ ሃያኛው ጋ ሲደርሱ፣ “ይሄ አውድማ የምን ነው?” አሉ። “የራሴ ነው” አልኩ። ከዚያ በኋላ እንባቸውን ሲጠርጉ ለቅሶ የመጡ ይመስሉ ነበር።

አማቴ እግሬ ሥር ያለውን ምስር ይለቅሙ ጀመር። “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ” አሉኝ፣ “ሌላ ጊዜ ስትገድይኝ በኦሮምኛ ግደይኝ። ቢያንስ መሞቴን ልስማ።” አስተማሪዎቹ ለሐዘንተኛ ብለው ያመጡትን አንድ ኪሎ ስኳር ግን አልመለሱም። “ለኔ ሞት የመጣ ነው” ብለው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።

እኔ መሳቅ ያቃተኝ ለፈተናው አሥራ አንድ ቀን ስለቀረ ነው። በአንድ ወር ጭንቅላቴ ውስጥ የጨመርኩትን ዘጠና ነገር በአርባ ደቂቃ ሂሳብ እንዴት ላውጣው? ቲቸር ዘዴ ሰጡኝ። “አትርሽው። ኢዲየሙን ስታዪ ከበላዩ ያለውን አስታውሺ፤ ለሱ ያጠናሽው ትርጉም የዚህኛው ነው።” አማቴ ደግሞ አሥራ አንዱንም ቀን ጀሪካኑን ተሸክመው ወጡ። “የሞተ ሰው አይደክመውም” ይሉኝ ነበር። ለእንቁ ያንኑ ዕለት ነገርኳትና ሁለታችን በር ላይ ተቀምጠን፣ ከበላዩ፣ ከበላዩ እያልን ተጠያየቅን። ለዓብዲሳ ደብዳቤ ጻፍኩና ሸነን ለሚሄድ የእህል ነጋዴ ሰጠሁት።

ፈተናው ደረሰ። አሥር ይመጣል የተባለው ኢዲየም ሁለት ብቻ መጣ። ሁለቱም ከሠላሳ አንደኛው መስመር በታች የነበሩ ናቸው፤ ከበላዩ ብዬ ሁለቱንም መለስኩ። ውጤቱ ሲመጣ እንግሊዝኛ ሲ ይላል። አማቴ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ካዩ በኋላ፣ “ሌላ መስመር ላይ ያለ የሌላ ሰው እንዳይሆን” አሉ። ስሜን በጣቴ አሳየኋቸው። እንቁም አለፈች።

ዓብዲሳ ግን ዲ አመጣ። ነጋዴው መንገድ ላይ ቆይቶ ደብዳቤዬ የደረሰው ፈተናው ባለቀ በማግሥቱ ነው። ዓብዲሳ አልወቀሰኝም። “ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሌላውን ራሴ ነኝ የወደቅኩት” ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ጨዋነቱን እስካሁን አልቻልኩትም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ደብዳቤ ደግሞ ደብተሩን ከሱ ሁለት ልጆች እንደገለበጡት፣ አንዷ ይዛው ወደ ወንጪ እንደሄደች፣ የሌላው አድራሻ እንደጠፋው ነገረኝ።

አሁን ማሠልጠኛውን ጨርሼ ሥራ ላይ ነኝ። ደብተሩ ግን አሁንም እየዞረ ነው፤ ባለፈው ወር እንኳ አንዲት ተማሪ ጤና ጣቢያችን መጥታ ወንድሟ መታመሙን ልትነግረኝ ፈልጋ፣ በእንግሊዝኛ ምስጢር እንዳወጣ ነገረችኝ። ከየት እንደገለበጠች አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ከአምቦ እስከ ሸነን፣ ከጊንጪ እስከ ወንጪ፣ የኢዲየም ደብተር ያለህ ወይም ያለሽ፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። ሠላሳ አንደኛውን ተመልከቱ። “ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ” መሞት ነው የሚል ከሆነ ለማንም አታስገልብጡ። ከዚያ ጀምሮ ትርጉሞቹን አንድ አንድ መስመር ወደ ታች አውርዷቸው፤ ከናንተ የገለበጠውንም ሰው ፈልጋችሁ፣ ከፈተናው በፊት ንገሩት።