ወንድሜ የሚወደው ሽፍታ

ከሐዋሳ ወደ ጎንደር የመጣሁት ለእርቁ ነበር። አባታችንን በእርሻ ወሰን ጠብ የገደለው ጎረቤታችን እስራቱን ጨርሶ ወጥቶ ሽማግሌ ልኳል፤ ቀኑም ተቆርጧል። በአገሩ ደንብ ምሕረቱን ሰጥቶ ደሙን የሚያደርቀው ወንዱ ልጅ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። እሱ እንቢ ካለ የሚከተለውን ደም መመላለስ እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሜ ጎንደር አራዳ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። እንደ ደረስሁ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ደንበኛ አልነበረም፤ እሱ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ጌም ይጫወታል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጢማም ሰው በዝናብ ብቻውን ይጓዛል።

"ማነው ይሄ?" አልሁት።

"የኔ ሰው ነዋ። ሽፍታ ነው። የወንድሙን ገዳይ እየፈለገ ነው። ተቀመጪ እታለም፣ አሁን ነው የሚጥመው።"

ቦርሳዬን እንዳቀፍሁ ተቀመጥሁ። ሰውየው አንዲት መበለት ከነልጆቿ ከቀማኞች እጅ አስጣለ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ያስጠለለውን፣ ራት ያበላውን ሽማግሌ በቅሎ ሰርቆ ወጣ።

"ምነው! አሁን አጉርሶት አልነበር?"

"በቅሎ ያስፈልገዋላ።"

"ሌባ ነው እንግዲህ።"

"ክፉ እንዳይመስልሽ፤ ተገፍቶ ነው።"

"በዚህ ጨዋታ ሸጋ ሰው የለም?"

"ሸጋ ሰው ምን ይሠራልሻል? አንቺ ብትሆኝ እኮ ጨዋታው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይወጣ ያልቃል።"

አብሬው ሳቅሁ። ሆዴ ግን "ተገፍቶ ነው" የምትለው ላይ ቀረ። በእኛ አገር አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ በረሃ ሲወርድ የሚባልለት ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያደርገውን ሁሉ ያችው ቃል ትሸፍንለታለች።

በነጋታው ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ያንን ሽፍታ ነበር። የባሰ ያስጨነቀኝ ደግሞ መጓጓቴ ነው፦ የወንድሙን ገዳይ ያገኘው ይሆን? ባገኘው ምን ያደርገዋል? ጻድቃንን አከብራለሁ፤ ገድላቸውን አነባለሁ፤ ግን መጨረሻቸውን ስለማውቀው አልሰጋላቸውም። ለዚያ ለበቅሎ ሌባ ሰጋሁለት። አንዲት ጾም የማትስት ሴት እንዲህ ከሆነች፣ በአባቱ ደም ላይ ያደገ ወንድሜ ምን ሊሆን ነው?

የእርቁ ዕለት በማኪና ወደ ትውልድ ቀያችን ወደ ትክል ድንጋይ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ወገቡን ሳይ ነበር፤ ጃኬቱ ሰፊ ነው፣ ሽጉጥ ይደብቃል። እንደ ወረድን የሽማግሌዎቹን ሰብሳቢ ወደ አጥሩ ጥግ ጠራኋቸው።

"አያ፣ ወንድሜን ያስፈትሹልኝ።"

"ምን ይዟል?"

"ያየሁት የለም። ግን ሽፍታ ሲጫወት ነው የሚውለው፤ በቴሌቪዥን።"

ጥቂት አሰቡና ሳቁ። "ልጄ፣ ሽፍታን መውደድ የሚያሸፍት ቢሆን ኖሮ ይሄ አገር ገበሬ አይተርፈውም ነበር።" ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ቢሆንም ካፍሽ ወጥቷል፤ እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም።"

ወንድሜን በሰው ፊት ፈተሹት። ምንም አልተገኘበትም። በገዛ አባቱ ደም እርቅ ላይ የተበዳይ ልጅ እንደ ወንበዴ ሲዳሰስ ታይቶ አይታወቅም፤ አንዱ አጎታችን "ተነሥ፣ እንሂድ!" ብሎ ዱላውን አነሣ። ወንድሜ ማን እንዳስፈተሸው ገብቶታል፤ በሴቶቹ መካከል ፈልጎ አየኝ። እርቁን ያፈረስሁት እኔ ነኝ አልሁ።

እሱ ግን አልተነሣም።

ገዳዩን አመጡት። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣና መሬት ላይ ተደፋ። "ስለ እግዚአብሔር! ስለ ድንግል ማርያም ማሩኝ!" ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ወንድሜ የተደፋውን ሰው ቁልቁል አየው። አፌ "በለው፣ ማረው በለው" ይላል፤ ከአፌ በታች ያለው ነገር ግን ሌላ ይፈልግ ነበር። ያንን ዛሬም ለንስሐ አባቴ በቅጡ መናገር አልቻልሁም።

"ያን ቀን አባቴ ምን አለ?" አለ ወንድሜ።

ሰውየው ቀና አላለም። "ውሃ ስጠኝ አለኝ። እኔ ሮጥሁ።"

አጎታችን ፊቱን አዞረ። ወንድሜ ተነሣ፤ ሄደ፤ ከሰውየው ማጅራት ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወዲያ አኖረው። "ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬሃለሁ" አለ። ድምፁ ለእኔ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም፤ እልልታው ነው የነገረኝ።

ስንመለስ ማኪናው ውስጥ "ይቅር በለኝ፣ ስላስፈተሽሁህ" አልሁት።

ብዙ ከሄድን በኋላ "ሰውየው እኮ አርጅቷል፣ እታለም" አለ። "አንገቱ እንጨት አክሏል። እንዲህ ትንሽ ሰው መሆኑን ማንም አልነገረኝም።"

እጁን ያዝሁት። ከልብህ ነው የማርኸው? ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሱን ፈራሁ። እስከ ጎንደር እጁን አልለቀቅሁም።