ከታች የሚጀምር ተራ

መቂ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምናለማ ሰዎች ገርባን የውሃ አባት አድርገን፣ ውሃውን በተራ እንዲያካፍለን የመረጥነው ፈሪ ስለሆነ ነው። እውነቴን ነው። ደፋር ብንሾም ለወዳጁ ያደላል፤ ገርባ ግን ሁላችንንም እኩል ይፈራል። «ፈሪ ለእናቱ» እያልን ብንቀልድበትም ተራ አዛብቶ አያውቅም።

ተራው ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ወንዙ ሲመነምን ቀድሞ የሚጠጣው ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ነው። ከላይ ከተጀመረማ ለታች ምን ይተርፋል?

ዘንድሮ መጋቢት ላይ የገርባ ታላቅ ወንድም ሰንበታ የጋራችን ቦይ ራስ ላይ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ የሚስብ ፓምፕ ተከለ። የታች ሰዎች ተራ ሲገባም አላጠፋውም። ሽንኩርታቸው ጠወለገ፤ ከብቶቻቸው ጭቃ ላሱ። ሰንበታ ጭራሽ «ፓምፔን የነካ፣ እጁን ነው የምቆርጠው» ብሎ ማለ። ይህ ሰው ሲምል ደግሞ አይቀልድም።

አንድ ጠዋት የታች ሰዎች ዱላና ገጀራ ይዘው፣ ቦዩን ተከትለው ወደ ላይ ሲመጡ ከሩቅ አየን። ከፊት ያለችው ፎዚያ ናት፤ ልጆቿን የምታሳድግበት ማሳ ደርቆባታል። ደም ሊፈስ ነው ብዬ ፈራሁ። ገርባ ከእኔም ብሶ ፈርቷል፤ ግን ወደ ፓምፑ ሄደ።

ሰንበታ አካፋ አነሳ። «እስቲ ንካው» አለ።

«ጋሼ፣ ፈርቻለሁ» አለ ገርባ። «አንተንም እፈራለሁ። እነሱ ሲደርሱ የሚሆነውን ግን የባሰ እፈራለሁ።» ዓይኑን ጨፍኖ ፓምፑን አጠፋው።

ሰንበታ የሚመጡትን ሰዎች ልብ ብሎ ያየው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አካፋው እንደተነሳ ቀረ።

ውሃው በደረቀው ቦይ ገለባና አቧራ እየገፋ ወረደ። የተቆጣ ሰው ውሃ አይቶ ይመለስ እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ውሃውና ሰዎቹ መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ።

ፎዚያ ቆመች። «ቢሻን ዱፌ» አለች በኦሮምኛ፤ ውሃው መጣ። ገጀራዋን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለችና መንገዱን የዘጋበትን ገለባ በእጇ ጠረገችለት። ሁሉም ፊታቸውን አዙረው ውሃውን እስከ ማሳቸው አጀቡት።

ሰንበታ አካፋውን ጥሎ አቧራው ላይ ተቀመጠ። «ብትዘገይ ኖሮስ?» ሲል ወንድሙን ጠየቀው።

ገርባ ሊመልስለት አፉን ከፈተና አስመለሰው።