ቡፌው የለበሳቸው ሲዲዎች

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ምስጋናው ከአዳማ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ "እነዚያ የጌም ሲዲዎቼ አሁንም እማዬ ቤት አሉ?" አለኝ። የት ይሄዳሉ አልኩት። አንድ ጓደኛው አሮጌ ፕሌይስቴሽን ከነገመዱ እንደሰጠው፣ ልጆቹ የአባታቸውን ጨዋታ ለማየት እንደጓጉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና፣ "በካርቶን አሽጊና ከአውቶቡስ ረዳት ጋር ላኪልኝ" ብሎ ዘጋው። ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ በአውቶቡስ ረዳት የማይላክ ነገር ያለ አይመስለውም። ማሩም፣ ቅቤውም፣ ኮረሪማውም ከቦንጋ ወደ እሱ ሲሄድ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

በማግስቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ በካፊያው እየተራመድኩ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡፌው ሳሎኑ ውስጥ ከድሮው ቦታው አልተነቃነቀም። ሲዲዎቹም ከመስታወቱ በስተጀርባ የሚያብረቀርቀውን ጎናቸውን ወደ እኛ አዙረው ተደርድረዋል። ምስጋናው ምን እንዳለ ነገርኳት። እማዬ የመለሰችልኝን ከመናገሬ በፊት ግን እነዚህ ሲዲዎች እዚያ እንዴት እንደገቡ ላውጋችሁ፤ ካለዚያ መልሷ አይገባችሁም።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ምስጋናው ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጌም ቤት ነበረው። ያለው ንብረት ግራጫ ማሽን፣ ሆዱ የተነፋ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ከሠላሳ በላይ ሲዲ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጨዋታ ስም ማንም ልብ ስለማይለው ሲዲዎቹ የሚጠሩት በእኛው ስም ነበር፦ ኳሱ፣ መኪናው፣ ቡጢው፣ "ያቺ የማታልቀዋ"። አብዛኞቹ ኮፒ ስለሆኑ ላያቸው ላይ በማርከር ተሞነጫጭሮባቸዋል። በገበያ ቀን አባቶቻቸውን ተከትለው ከሺሺንዳ የሚመጡ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይሰማ ተጫዋቾቹ ራሳቸው "ጎል" እያሉ ይጮሁ ነበር። እኔ ይህንን ሁሉ የማውቀው ከበሩ ላይ ቆሜ ነው። ሴት ልጅ ጌም ቤት ገብታ ብትቀመጥ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርስ ነበርና።

ከዚያ ምስጋናው ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ጌም ቤቱ ተዘጋ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ቤት ተመለሰ፣ ማሽኑም በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ገባ። በሚሄድበት ጠዋት ሲዲዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ለእኔ ሰጠኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ፣ በክረምት ዕረፍቱ ጌም ቤቱን ሊከፍት ቆርጧል።

"ጠርዙን ብቻ ያዢ። ስትጠርጊው ከመሃል ወደ ዳር እንጂ ዙሪያውን እንዳትሄጂበት። እርጥበት እንዳያገኘው" አለኝ። "ማሽን ቢበላሽ ሠሪ አለው፤ ሲዲ ከሻገተ ግን ማንም አያድነውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አደራ ብሎ የሰጠኝ ሰው ቢኖር ጎረቤታችን ብቻ ናት፤ እሷም ጫጩቶቿን ነው። ቆርቆሮውን እንደ ታቦት አቅፌ ወደ መኝታ ክፍል ገባሁ።

ቦንጋ ውስጥ እርጥበት እንደ ቤተሰብ አባል ነው፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ሳይደረግ የሰነበተ ጫማ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። የአባቴ ቀበቶ በየሳምንቱ በጨርቅ ይጠረጋል። ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ያልበዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቆርቆሮውን ከፍቼ ሳይ አንዳንዶቹ ሲዲዎች ጠርዝ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ጀማምሮ ነበር። እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠረግኩና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ቤቱን ዞርኩት። መጀመሪያ የታየኝ ኮረሪማው የሚሰቀልበት የማድቤቱ ቆጥ ነው። እዚያ በእርግጥ እርጥበት የለም። ያላሰብኩት ጭስ ግን ነበር። ሳወርዳቸው ጥቀርሻ ለብሰው የጥብስ ሽታ ሸተቱ። እማዬ አንዱን አንስታ አሸተተችና፣ "ደግ ነው፣ ቋንጣ ሆነዋል" አለች።

የቀረው ቡፌው ብቻ ነበር። የተሠራው ከዋንዛ ነው፤ ባለ ተንሸራታች መስታወት፣ ጀርባውን ለማድቤቱ ግድግዳ ሰጥቶ የቆመ። ከኋላ ያለው እሳት ግድግዳውን ስለሚያሞቀው በቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ደረቅ የነበረው ያ ቦታ ብቻ ነው። ነገር ግን ቡፌው የእማዬ ነው። አፋቸው ወርቅማ መስመር የዞረባቸው ብርጭቆዎቿ እዚያ ውስጥ ይኖራሉ። ማንም ጠጥቶባቸው አያውቅም። "ለእንግዳ ነው" ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በተለመደው ጣሳ ይቀርብለታል። እኛ ልጆቹ የብርጭቆዎቹ እንግዳ ማን እንደሆነ እየተወራረድን ነው ያደግነው።

ብዙ ለመንኳት። በመጨረሻ፣ "ቡፌ የቤት ፊት ነው። የሚገባበት ነገር ያማረ ከሆነ ይግባ" ብላ የታችኛውን መደርደሪያ ግማሽ ሰጠችኝ። ካርቶን እየሰነጠቅኩ ማቆሚያ ሠራሁላቸው። በማርከር የተሞነጫጨረው ጎናቸው ስለሚያስጠላ ወደ ግድግዳው አዞርኩትና የሚያብረቀርቀውን ወደ ሰው አደረግኩት። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የግድግዳው ኖራ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይቀልም ነበር። እማዬ በዚያ በኩል ስታልፍ እርምጃዋን ታዘገያለች።

በዚሁ መሃል የእህቴ የትዕግሥት ነገር መጣ። ጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ የሚያስተምር አንድ ልጅ ወዷት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ቡና ነጋዴው አባቴ እንደ ደንቡ፣ "እንመክርበታለን" ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷል። ቀጠሮው ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እሑድ ቀን ነው። መልሱን ከአባቴ በቀር ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እሱም የማያውቅ መምሰሉ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እማዬ ቡፌውን ስትወለውል ደረስኩ።

"ሲዲዎቹ ይውጡ" አለች።

"እማዬ፣ አደራ እኮ ነው።"

"የእህትሽ ቀን ነው። ምስጋናው ሲያገባ ሲዲ እንደረድርለታለን።"

"ነገ ማታ ልመልሳቸው?"

"ከእንግዲህ እስከ ሠርጉ፣ ከሠርጉም በኋላ አማት ሲወጣ ሲገባ ነው የሚከርመው። ቡፌው የብርጭቆ ነው። ሌላ ቦታ ፈልጊላቸው።"

ሌላ ቦታ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ሲዲዎቹን በትሪ ደርድሬ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሼ መኝታ ክፍላችን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የክፍሉ ግድግዳ እንደተለመደው አልቦታል። ሠርጉ ጥር ነው። እስከ ጥር እዚያ ቢከርሙ ምን እንደሚሆኑ በቆርቆሮው አይቻለሁ። ያን ሌሊት ለእህቴ በመደሰትና ለወንድሜ በማዘን መካከል ሆኜ ተኛሁ።

አራት ይሆናሉ የተባሉት ሽማግሌዎች ዘጠኝ ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ወዳጆ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ጥለው የማይሄዱ የጨና ገበሬ ናቸው። "ቤት ለእንቦሳ" አሉ ከደጃፉ። "እንቦሳ እሰሩ" አልናቸው። ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባቴ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ያሰበ መሰለ፤ ከዚያ፣ "እሺ ብለናል" አለ። ከማድቤት እልልታው ቀለጠ።

የብርጭቆዎቹ እንግዳ ለካ እነዚህ ነበሩ። እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝና ሁለት ሁለት እያደረግኩ ከቡፌው አወጣሁ። ጠጁ ተቀዳ። ቆጮው ከአይብና ከጥብስ ጋር ቀረበ። ዘጠኝ ሽማግሌ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ አጎቶቼ ሁሉ ያዙባቸው። ሁሉም ከተዳረሰ በኋላ እማዬ ለምርቃቱ ከማድቤት ብቅ አለችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ዓይኗን ተከትዬ ቡፌውን አየሁት። ባዶ ነው። ከላይ እስከ ታች የቀረው የተነጠፈው ጋዜጣና የብርጭቆ ቂጥ ያተመው ክብ ክብ ምልክት ብቻ ነው። እናቴ የጎረቤት ሳህን ስትመልስ እፍኝ ቆሎም ቢሆን ሳትጨምርበት አትመልስም። ጠዋት ባዶ እንስራ የያዘ ሰው ካጋጠማት መንገዷን ትታ ትመለሳለች። አሁን ደግሞ ልጇ አፉን በከፈተ ባዶ ቡፌ ፊት ልትመረቅ ነው።

ጠጋ ብላ፣ "አምጫቸው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምኖቹን?"

"የወንድምሽን ነዋ። ብርጭቆው ከወጣ ቡፌው ምን ይለብሳል?"

ሮጥኩ። ትሪውን ከነነጭ ጨርቁ ይዤ ስገባ ግን በሰው መሃል መሮጥ ስለማይቻል ቀስ አልኩ። ቡፌው ፊት ተንበርክኬ ጨርቁን ገለጥኩ። አንዱን ሲዲ ጠርዙን ብቻ ያዝኩ፣ እርጥበቱን በነጠላዬ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩ፣ ማቆሚያው ላይ አቆምኩት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ወንድሜ እንዳስተማረኝ ሳልቸኩል ስሠራ ከኋላዬ ወሬው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ጨርሶ ጠፋ። ዞር ብዬ አየሁ። አቶ ወዳጆ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። እሳቸው ስለቆሙ የዋጫ ሰዎች በሙሉ ብርጭቆ እንደያዙ ቆመዋል። እነሱ ስለቆሙ አጎቶቼም ቆመዋል። አባቴ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ በመጨረሻ ተነሣ። የቤታችን ወግ መስሏቸዋል። እኔ አሁን ባቆም ምን ልላቸው ነው? ከሠላሳ በላይ ሲዲ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ጸጥታ መሃል፣ አንድ በአንድ ጠርጌ ደረደርኩ። የመጨረሻው መኪናው ነበር። መስታወቱን ዘጋሁ።

"በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወግ አላየሁም" አሉ አቶ ወዳጆ ረጋ ብለው። "ግን ደግ ወግ ነው። ብርጭቆው ለሰው ይወጣል፣ በቦታው ብርሃን ይገባል። የልጆቻችን ቤት እንደዚሁ ይሁን። ሰጥቶ አይጉደል፣ እንደዚህ ያብራ።"

"አሜን" አለ ቤቱ። ከሁሉም ከፍ ያለው የእማዬ ድምፅ ነበር።

ከዚያ አቶ ወዳጆ ወደ ቡፌው ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፣ አንዱ ሲዲ ላይ ፊታቸውን እያዩ አቃኑት፣ ሌላው ላይ እያዩ ደግሞ መለሱት። "እዚህ ውስጥስ ብዙ ወዳጆ አለ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ እኛና የዋጫ ሰዎች ባዕድ ሆነን አናውቅም።

ማታ አባቴ፣ "ቅድም ልጅቷ የሠራችው ምንድን ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

"ወግ ነው" አለችው እማዬ።

ሲዲዎቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቡፌው አልወጡም። እንዲያውም ተበራከቱ። በመልሱ ቀን የዋጫ ሰዎች ከሙክቱና ከማሩ ጋር አንድ የመዝሙር ሲዲ ይዘው መጡ፣ "ለቡፌው" ብለው። አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ የፕሪንተር ሲዲ ከነወረቀት ከረጢቱ አመጣ። እማዬ ሁሉንም በሁለት እጇ ተቀበለች። ምስጋናው በክረምት ሲመጣ መስታወቱን ከፍቶ አንድ በአንድ ብርሃን ላይ አያቸው። አንድም አልሻገተም። ግንባሬን ሳመኝ። ቀጥሎ የፕሪንተሩን አንሥቶ፣ "ይሄ ደግሞ የምን ጌም ነው?" አለ። "የዋጫ" አልኩት። በዚያ ክረምት በራችንን ዘግተን ኳሱን አስተማረኝ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሸነፍኩትና ማሽኑ ሞቋል ብሎ አጠፋው።

ጌም ቤቱ ግን ተመልሶ አልተከፈተም። ማሽኑ አንድ ቀን እምቢ አለ፣ ምስጋናው ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ አገባ። መጀመሪያ መስቀል በመጣ ቁጥር ይመጣ ነበር። ከዚያ አንዱን ዓመት እየዘለለ። ከዚያ በስልክ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት መልእክቱን ስነግራት እማዬ ሲዲ እየወለወለች ነበር፤ ከመሃል ወደ ዳር። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። እጇን ሳታቆም፣ "አደራ በአውቶቡስ ረዳት አይላክም በይው። ይምጣና ከእጄ ይረከበኝ" አለች።

እዚያው ደወልኩለትና ስልኩን በስፒከር አደረግኩት። ምስጋናው ረጅም ሳቅ ሳቀ። "እሺ፣ ለመስቀል ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ካርቶን ብቻ አዘጋጁልኝ" አለ።

"ካርቶን ምን ያደርግልሃል?" አለችው። "አንድ ሲዲ በኪስ ይያዛል።"

"አንድ?"

"በመጣህ ቁጥር አንድ።"

እኔ ያንን አደራ የጠበቅኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እማዬ ግን የአደራውን ባለቤት ጭምር ስትጠብቅ ኖራለች። በልቤ ከሠላሳ በላይ መስቀል ቆጠርኩና ደስ አለኝ፤ እሷ ሰማንያዋን እየተጠጋች ነው፣ ሂሳቡ ግን ትንሽ እንኳ አላስጨነቃትም። ስልኩ እንደተዘጋ መስታወቱን አንሸራትታ ከመደርደሪያው ጥግ አንዱን አወጣችና ፊት ለፊት አቆመችው። ቀረብ ብዬ አየሁት። የፕሪንተሩ ነው።

"መጀመሪያ የሚወስደው ይሄንን ነው" አለች።